ስለ ባስ አውታርና ስለ አንዲት ጉባኤ ቃና

የዜማ ዕቃዎች ሁሉ ምስጋና ይወዳሉ፤ ባስ ብቻ ሳይመሰገን ማደርን የለመደ ነው። ክራር ሲመታ የሰሚው ጆሮ ወደ ክራሩ ይሄዳል፤ መለከት ሲነፋም ዓይን ሁሉ ወደ ነፊው ይመለሳል። ባስ መቺው ግን በጃዝ ማኅበርተኞች መካከል ቁመቱ ከርሱ የሚበልጠውን ዕቃ አቅፎ ሌሊቱን ሁሉ ሲደክም ያድራል፤ ሰሚውም እግሩን በባሱ ልክ እያነሣና እየጣለ ስለ መለከቱ ያወራል። ባሱ ጥቂት ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን ቤቱ ምሰሶው የተነቀለ ይመስላል፤ እንደ ነበረም የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ነገሩን ላላየ ሰው፥ ባስ ማለት በመልኩ ቫዮሊን የሚመስል፥ በቁመቱ ግን ቆመው ወይም ከፍ ባለ በርጩማ ተደግፈው ካልሆነ የማይመቱት፥ አራት አውታር ያለው ታላቅ የእንጨት ዕቃ ነው። በፈረንጆች ታላላቅ የሙዚቃ ጉባኤዎች አብዛኛውን ጊዜ በቀስት ይገዘግዙታል፤ የጃዝ ሰዎች ግን በጣታቸው እየሳቡ ይለቁታል። የወፍራሙ አውታር ድምፅ እጅግ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከጆሮ ይልቅ በደረትና በእግር ጫማ ይሰማል። የበገናን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ይቀርበዋል፤ ዳሩ ግን በገና ዐሥር አውታር አለው፥ ድምፁም ንብ እንደ ገባበት ቀፎ ይነዝራል፤ ባስ ይረግጣል እንጂ አይነዝርም።

በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ከሚያገለግሉት ካህናትና መምህራን መካከል አንድ መሪጌታ አለ። ዕድሜው ኀምሳ ስድስት ዓመት ሲሆን ያደገው በጐጃም በዋሸራ ቅኔ ቤት ነው። ከሀገሩ ወጥቶ ወደዚያች ከተማ በመጣ በመጀመሪያው የጥምቀት በዓል፥ ሕዝቡ ታቦቱን ከብቦ በብርድ ሲንቀጠቀጥ፥ ከኋላው «መሪጌታ፥ ደበሎህን የት ጣልኸው?» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞሮም ቢያይ ጠጕሩ የሸበተ፥ ወፍራም ካፖርት የለበሰ፥ የታክሲ መክፈቻ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ቆሞ ይሥቃል። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት በአንድ ጐጆ ያደረ፥ በአንድ አኮፋዳ ቍራሽ የለመነ፥ ውሻ ሲመጣም ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፎ የተከላከለ የቅኔ ቤት ባልንጀራው ነበረ። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። መሪጌታው ግን ያለቀሰው በሁለት ምክንያት ነው፤ ሁለተኛውን ምክንያት ለብቻው ያውቀው ነበረ።

ባልንጀራው በሱዳን አድርጎ በ1982 ዓ.ም. አሜሪካ ገብቷል። መጀመሪያ በመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆነ፤ ኋላም ታክሲ ነዳ። ባሱንም ያገኘው በታክሲው ነው። አንድ ጥቍር አሜሪካዊ ሽማግሌ፥ ጣቶቹ በበሽታ የተቈላመሙ፥ ሁልጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ይወስደው ነበረ፤ በመንገድም ባልንጀራው የግዕዝ ዜማ ሲያንጐራጕር ሽማግሌው ይሰማዋል። አንድ ቀን «ይህን ያህል ዝቅ ብሎ የሚወርድ ድምፅ ያለው ሰው ባዶ እጁን መቅረት የለበትም» ብሎ ወደ ቤቱ አስገባው፤ ሦስት ዓመትም አስተማረው፤ ሲሞትም ዕቃውን አወረሰው። እንዲህ ያለው ስጦታ በዘመድ መካከል እንኳ ብዙ አይገኝም።

ዋሽንግተን ለዚህ ነገር የሚገባ አገር ነው። ዱክ ኤሊንግተን የሚባለው ታላቁ የጃዝ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. የተወለደው በዚያች ከተማ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የሚታዩበት የዩ ስትሪት አካባቢም በዚያ ዘመን የጥቍር አሜሪካውያን የዜማና የቲያትር ሰፈር ነበረ። ይኸው ሰው በ1966 ዓ.ም. ከነማኅበርተኞቹ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀብሏል። ከዚያም ቀደም ብሎ በፈረንጆች 1965 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በግሬስ ካቴድራል ውስጥ ለእግዚአብሔር ምስጋና ያዘጋጀውን የጃዝ ዜማ አሰምቷል። ባልንጀራው ስለዚህ ሲናገር ጠበቃ ይመስላል፤ ተከሳሹ ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም።

በቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ግን የኤሊንግተን አይደለም፤ ጂሚ ብላንተን የሚባል የአንድ ወጣት ሥዕል ነው። ይህ ልጅ በፈረንጆች 1939 ዓ.ም. ወደ ኤሊንግተን ማኅበር ገባ። ከርሱ በፊት ባስ በአብዛኛው ምት ከመጠበቅ አያልፍም ነበረ፤ እርሱ እንደ መለከት እንዲናገር፥ ጠይቆም እንዲመልስ አደረገው። ኤሊንግተን በፒያኖ እርሱም በባስ ሁለት ብቻ ሆነው የተቀረጹት ዜማ ዛሬም ይሰማል። በፈረንጆች 1942 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜውም ሃያ ሦስት ዓመት ብቻ ነበረ። መሪጌታው ሥዕሉን ባየ ቍጥር በዋሸራ በወባና በረኀብ የቀሩት ተማሮች ትዝ ይሉታል፤ የነሱን ሥዕል ያነሣ ማንም የለም።

እዚህ ላይ፥ ይህ ዘፈን ነውና ስለ ምን በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ይነገራል የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራዎች ጋራ ቈጥሮታል፤ መሪጌታውም ይህን ያውቃል፥ ባልንጀራውም ያውቃል። የንስሐ አባቱ የመጠጥ ቤቱን ሥራ እንዲተው መክረውት ከአምስት ዓመት በፊት ትቶታል። ከዚያ ወዲህ የሚመታው በቤቱ ነው፤ በጾምም አይነካውም። ዕቃውን ይሽጠው ወይስ አይሽጠው በሚለው ነገር ሁለቱ ሦስት ጊዜ ተከራክረው ሦስቱንም ጊዜ ሳይጨርሱት ቡና መጥቶ ለይቷቸዋል። ነገሩ ለሊቃውንት ጉባኤ ይቆይ።

የቅበላ ዕለት በጧት መሪጌታው ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ትምህርት ሰጠ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነውና የተጣላ ይታረቅ፥ የበደለ ይቅርታ ይለምን፥ መባውን በመሠዊያ ፊት ትቶ አስቀድሞ ወንድሙን ይፈልግ እያለ ሲናገር ምላሱ ከትናጋው ጋራ ተጣበቀ። ሕዝቡ ከመንፈሳዊ ኀዘን የመጣ መሰለው፤ አንዳንድ ሴቶችም አለቀሱ። ማታ መቋሚያውን እንደ ያዘ በምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሮ ባልንጀራው ወደሚኖርበት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ይህንኑ አስቦ ሄዶ ሳይናገር ተመልሷል።

ባልንጀራው በምድር ቤት ውስጥ ነበረ። «መሪጌታ፥ ደግ ሰዓት መጣህ፤ ከነገ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ እሸፍነዋለሁና ዛሬ ልሰናበተው ነው። ተቀመጥ» አለው። ሻይ ቀዳለትና ወደ ባሱ ተመለሰ። ዕቃውን ከማእዘን አንሥቶ ወደ ሰውነቱ ሲያስጠጋው፥ ከሕመም የተነሣችን እናት ደግፎ የሚያስኬድ ልጅ ይመስል ነበረ። ግራ እጁን በአንገቱ ላይ አሳረፈ፤ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች በአውታሩ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያም ጀመረ።

በመጀመሪያ መሪጌታው የሰማው ርግጫ ብቻ ነው። ሌሎቹ ማኅበርተኞች የሉምና ከላይ የሚሄድ ዜማ የለም፤ መሠረቱን አይተህ ቤቱን ራስህ ሥራው እንደ ተባለ ሰው ሆነ። ድምፁ ከጆሮው አስቀድሞ በወለሉ በኩል ወደ ጫማው ገባ፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይም ክብ ክብ እየሠራ ተንቀጠቀጠ። የቅኔ ሰው ነገር ካልገባው መቍጠር ይጀምራልና መሪጌታው ቈጠረ። አራት አራት ምት ነው፤ አራቱም ዐሥራ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ አርባ ስምንት ርምጃ ከሄደ በኋላ ወደ መነሻው ይገባል። ይህ ብሉዝ የሚባለው ስልት መሆኑን ባልንጀራው ቀድሞ ነግሮት ነበረ። የድምፆቹ ተራ የታወቀ ነው፥ አይለወጥም፤ በዚያ ተራ ላይ የሚረገጠው መንገድ ግን በየዙሩ ሌላ ነው። መሪጌታውም አራት ዙር ቈጠረ፤ በአራቱም ባልንጀራው በአንድ በር ወጥቶ በአንድ በር ገባ፥ ያለፈበትን ዱካ ግን ሁለተኛ አልረገጠም።

ይህን ከቅኔ ቤት ሰው የሚሰውረው የለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ሥላሴ ስድስት፤ መወድስ ስምንት ነው። ልኩንም ዜማውንም አባቶች ሠርተው ጨርሰውታል፤ ተማሪ አንድ ቤት አይጨምርበትም፥ አይቀንስበትም። ነገር ግን ትናንት የተቀኙትን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ቅኔ በዕለቱ ተወልዶ በዕለቱ ይነገራል፤ ያማረ እንደ ሆነ ሌላ ሰው ያስታውሰዋል፥ ባለቤቱ ግን ነገ ባዶ እጁን ተነሥቶ ይቈጥራል። የአሜሪካ ጥቍሮች በባርነትና በመከራ ውስጥ ካለፈ ሕዝብ ተወልደው፥ የዋሸራ ተማሮች ደበሎ ለብሰው በዱር ተቀምጠው፥ ሳይተዋወቁ አንድ ሕግ ማግኘታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ዘመድ ናቸው ለማለት ግን አያስደፍርም። አንዱ በቃልና በምሥጢር፥ አንዱ በአውታር ነው።

በአምስተኛው ዙር መሪጌታው መቍጠሩን ተወ፤ የባልንጀራውን ፊት አይቷልና። ዓይኑ ተከድኗል፤ የታች ከንፈሩን በግራ በኩል ነክሷል፤ ወደ ዙሩ መጨረሻም ሲቃረብ ትንፋሹን ይዞ፥ ሊዘል እንደሚያስብ ሰው ጥቂት ይዘገያል። ይህ ፊት በ1978 ዓ.ም. ክረምት በዋሸራ ዱር በወይራ ሥር የታየው ፊት ነው። ጠጕሩ ሸብቷል፥ ጕንጩ ወርዷል፤ ንክሻው ግን ያው ነው።

በዚያን ዘመን ሁለቱ ጧት ጧት ወደ ዱር ወጥተው ለየብቻቸው ተቀምጠው ቅኔ ይቈጥሩ ነበረ፤ ማታም በየኔታ ፊት ይነግሩ ነበረ። አንድ ቀን ዝናብ ስለ ጸና በአንድ ወይራ ሥር ተጠጉ። ባልንጀራው ዓይኑን ከድኖ ከንፈሩን ነክሶ አንዲት ጉባኤ ቃና ቈጠረ፤ ልማዱም ነውና በትንሽ ድምፅ ያጕተመትማት ነበረ። ሰሟ ጐጆው በዝናብ ፈርሶበት ከዛፍ ሥር የተጠጋ ድኻ ገበሬ ነው፤ ወርቋ ከገነት ወጥቶ በዕፀ መስቀል የተጠጋ አዳም ነው። ለዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያላነሰች ነበረች። ሌላው ልጅ በዚያ ቀን ምንም አልሞላለትም፤ ከሦስት ቀንም ጀምሮ አልሞላለትም ነበረ። ማታ የኔታ ጉባኤውን ሲከፍቱ እርሱ ቀድሞ ተነሣና የባልንጀራውን ጉባኤ ቃና የራሱ አድርጎ ተናገረ።

የኔታ ጥቂት ዝም አሉ። «ምሥጢሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ግስ ተቀምጦብሃል። የትኛው ነው?» አሉት። ልጁ መልስ አጣ። ሁለተኛ ጠየቁት፤ ሁለተኛም ዝም አለ። የኔታ በጨለማው ውስጥ ትክ ብለው አዩትና «ይሁን» ብለው ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ። ቀጣዩ ባልንጀራው ነበረ። «ዛሬ ቤት አልመታልኝም፥ የኔታ» ብሎ ተቀመጠ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረም። በማግሥቱም ቍራሹን እንደ ወትሮው አካፈለው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ግን ባልንጀራው ከጐጆው ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ያኛው ልጅ ግን በዚያች ጉባኤ ቃና ስም አወጣ፤ እርሷን የሰሙ ደብተሮች ወደ ሌላ ጉባኤ ጋበዙት፤ ከዚያም መሪጌታ ሆነ፥ ብዙዎችንም አስተማረ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የባልንጀራውን ቅኔ ሰርቆ ሲገኝ እጅግ ይቈጣ ነበረ ይባላል።

ባሱ ዝም ሲል መሪጌታው ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበረ። «ወንድሜ» አለ፥ «በወይራው ሥር የቈጠርሃትን ጉባኤ ቃና የሰረቅሁህ እኔ ነኝ። ትምህርትህን ትተህ የተሰደድኸውም በኔ ነው። ስለ ድንግል ማርያም ይቅር በለኝ።»

ባልንጀራው ዕቃውን በትከሻው እንደ ደገፈ አየው። «ይቅር ይበለን» አለ። ከዚያም ጥቂት ቆይቶ «የወጣሁት ግን በአንተ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የታወጀውን የውትድርና አዋጅ ረሳኸው? በዚያ መስከረም ለአፈሳ የወጡት ሰዎች ወደ አጥቢያችን እየመጡ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ፤ ሌሊት ወጣሁ። አንተን ብቀሰቅስህ ተከትለኸኝ ትመጣ ነበረ፤ እናትህም ሌላ ልጅ አልነበራቸውም» አለው።

መሪጌታው በወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተሸከመው ሸክም ግማሹ የርሱ አልነበረም፤ ይህንንም ሲሰማ ደስ አላለውም። የቀረው ግማሽ ይልቁን ከበደው።

«የተናደድሁብህ በሌላ ነገር ነው» አለ ባልንጀራው፥ ድምፁም ከፍ አለ። «ሳላርማት ወሰድኻት! ሁለተኛው ቤት ገና አንካሳ ነበረ። የኔታም አውቀውት ነበረ፤ አንድ ግስ ተቀምጦብሃል ሲሉህ ምን ማለታቸው መሰለህ?»

«ግሱ ተኝቷል፥ አልሠራም ማለታቸው መሰለኝ።»

«ኤዲያ! ሰም ለበስ አድርገው ግሱን ራሱን ነገሩህ እንጂ። ነበረ ነው። ነበረ በግዕዝ ምንድር ነው?»

«ተቀመጠ» አለ መሪጌታው፤ ፊቱም ቀላ። ይህን ግስ ለስንት መቶ ልጅ እንዳስቀጸለ እግዚአብሔር ያውቃል።

«ገበሬውን ከዛፉ ሥር ነበረ ብዬ አስቀምጬው ነበረ። ስንፍና ነው። ጐጆው የፈረሰበት ሰው ሄዶ ይቀመጣልን? የጠፋኝን ግስ ያገኘሁት ወደ መተማ ስወርድ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ዝናብ መጣና በአንድ ዛፍ ሥር ተጠጋሁ፤ ከግንዱ ጋራ ተጣብቄ ሳድር፥ ይህ መቀመጥ አይደለም አልሁ። አጽለለ ነው። በወንጌል የሰማይ ወፎች ከሰናፍጯ ቅርንጫፍ ጥላ ሥር የሚጠለሉበት ግስ እርሱ ነው፤ ለገበሬውም ይሆናል፥ ለአዳምም ይሆናል። በዚያ ጨለማ ብቻዬን ሣቅሁ። የምነግረው ሰው ግን አልነበረም።»

መሪጌታው በልቡ ቤቱን መልሶ ቈጠረው። ነበረን አውጥቶ አጽለለን አገባ፤ ልኩን መዘነ፤ ተስማማ፤ ሰሙም ወርቁም አብረው ተነሡ። ለብዙ ዓመት በየጉባኤው ሲመሰገንበት የኖረው ነገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጐዶሎ ነበረ፤ ካመሰገኑትም ሰዎች ከየኔታ በቀር ያወቀ አልነበረም።

«በል ንገራት» አለ ባልንጀራው።

«ያንተ ናት፤ አንተ ንገራት።»

«እኔ ድሮም ቢሆን ድምፄ ለመምራት አይሆንም፥ ታውቀዋለህ። አንተ ምራ፤ እኔ እቀበላለሁ።»

መሪጌታው መቋሚያውን ይዞ ቆመ፤ ጕሮሮውንም ጠረገ። የመጀመሪያውን ቤት በዜማ ሲያወርድ ባልንጀራው ዝም ብሎ ሰማ። ሁለተኛው ቤት ሲጀመር ግን ከወፍራሙ አውታር አንድ ድምፅ ወጣና ከሥሩ ገባ፤ አላጀበውም፥ አልቀደመውም፤ ወለል እግርን እንደሚሸከም ብቻ ተሸከመው። መሪጌታው አጽለለ ከሚለው ቃል ሲደርስ በመቋሚያው ወለሉን መታ። በመቺውም ጣት ሥር አውታሩ ከቃሉ በኋላ ብዙ ቆየ።

ሁለተኛ አልደገሙትም። ባልንጀራው አውታሮቹን በጨርቅ ጠረገ፤ ባሱንም ወፍራም ሽፋን አልብሶ ከማእዘኑ አቆመው። ከፎቅ ሚስቱ ወደ ደረጃው ብቅ ብላ «እናንተ ሰዎች፥ ዶሮው ሊቀዘቅዝ ነው፤ እኩለ ሌሊትም ተቃርቧል፤ በሁዳዴ ልትበሉት ነውን?» አለቻቸው። መሪጌታው መቋሚያውን ከባሱ አጠገብ አስደግፎ ቀድሞ ወጣ።